ለቀስተኛው ተመልካች፦ ለሚያዝን የትራጀዲ ጀግና ስለ ምን እናዝናለን?

በወልድያ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ ተማሪ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉ ተውኔቶችን በክፍል ውስጥ ስናጠና፣ ከሀብሩ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ቀረበና እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ አያቴ የቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ‹እጅ ቆራጩ› እያሉ ነበር የሚያወሩልን። ከአያቶቻቸው የሰሙት ነው። እኔ ግን ትናንት ማታ ተውኔቱን አንብቤ ስጨርስ አለቀስሁ። ያለቀስሁት አያቴን ከድቼ ይሆን?»

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። «ተውኔት ተውኔት ነው፤ ታሪክም ታሪክ ነው» አልሁት። ልጁ በአክብሮት አመስግኖኝ ሄደ፤ ነገር ግን መልሱ እንዳላረካው ከፊቱ ታወቀኝ። እኔንም አላረካኝም። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የአያቱም ቂም እውነተኛ ነበር። ሁለቱን በሁለት ሣጥን አስቀምጦ መቆለፍ መልስ አይሆንም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ያን የቆየ ዕዳ ለመክፈል ነው።

በመጀመሪያ የትራጀዲን ጉዳይ በሥርዓት ያጠናውን አርስቶትልን እንጠይቅ። አርስቶትል «ፖየቲክስ» በተባለው ድርሳኑ ዐሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሁለት ስሜቶችን ይለያል። ሐዘኔታ የሚነሣው መከራው ሳይገባው ለሚደርስበት ሰው ነው፤ ፍርሃት የሚነሣው ደግሞ እኛን የሚመስል ሰው ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ጀግናው ፍጹም ጻድቅ ሊሆን አይገባም፤ የጻድቅ ውድቀት ሐዘኔታን ሳይሆን ቍጣን ያስነሣልና። ፈጽሞ ክፉም ሊሆን አይገባም፤ የክፉ ሰው ውድቀት «ይበለው» ያሰኛልና። በመካከል የቆመ፣ በክፋት ሳይሆን በታላቅ ስሕተት የሚወድቅ ሰው ይፈለጋል። ስሕተት ያልሁት «ሐማርቲያ» የሚለውን የግሪክ ቃል ነው፤ መነሻ ትርጉሙም ዒላማን መሳት ነው።

ይህ ትምህርት ከሁለት ሺሕ ዓመታት በላይ አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን «ሳይገባው» የሚለው ቃል ሐዘን ላይ ሲደርስ ይቸገራል። የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» አስቡ። ንጉሥ ክሬዎን የሟችን ቀብር ከልክሎ፣ ወንድሟን የቀበረችውን ልጅ ከነሕይወቷ በዋሻ አዘግቶ፣ በመጨረሻ የገዛ ልጁን ሬሳ ታቅፎ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ የሚስቱን ሞት ይሰማል። ክሬዎን መከራው አይገባውም ለማለት የሚደፍር ተመልካች ጥቂት ነው። ራሱም ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን ይናገራል። ሆኖም ያ አዛውንት ሬሳ ታቅፎ ሲገባ አዳራሹ ጸጥ ይላል። «ይበለው» የሚል ድምፅ አይሰማም። ስለ ምን?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሐዘን እንደ ሌላው ቅጣት አይደለም። ግርፋት፣ እስራት፣ ሹመት መገፈፍ፣ እነዚህ ሁሉ በጥፋተኛው ሰውነት ላይ ብቻ ሊያርፉ ይችላሉ። ሐዘን ግን እንዲደርስበት ሌላ ሰው መሞት አለበት። ያዘነው ሰው ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ፣ የሞተው ሰው የዚያ ጥፋት ባለዕዳ አይደለም። ክሬዎን ብዙ ነገር ይገባው ይሆናል፤ ልጁ ሐይሞን ግን መሞት አልነበረበትም። ስለዚህ ላዘነ ሰው ስናዝን ከአጠገቡ ለተኛው ሟችም አብረን እናዝናለን። «ይገባዋል፣ አይገባውም» የሚለው ሚዛን እዚህ ላይ ሥራውን ያቆማል፤ በአንዱ ሚዛን ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧልና።

ይህን ነገር አባቶቻችን በፍልስፍና ቋንቋ አልጻፉትም፤ በሥርዓት ግን ያውቁታል። እኛ ወሎዎች ሌላው አገር እድር የሚለውን ቅሬ እንለዋለን። በቅሬ ሰው ሲሞት ማን እንደ ሞተ ይነገራል እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ አይጠየቅም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሬሳ ይሸኛል፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። በወሰን የተካሰሰ፣ በውኃ የተጣላ፣ ሰላምታ የነፈገ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ሲሆን ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ደጃፉ ላይ ደርሶ «ይህ ሰው ሐዘን ይገባዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ «እግዜር ያጽናህ» ወይም «አላህ ያጽናህ» ይላል፤ ይሄዳል። የወሰኑ ክስ ግን አልተዘጋም። ከአርባው በኋላ ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

ልብ በሉ፤ ለቅሶ መድረስ ምሕረት ማድረግ አይደለም። ፍርድም አይደለም። ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ተግባር ነው። ያዘነውን ሰው «አንተም እንደ እኛ ሟች የምትቀብር ሰው ነህ» ብሎ መመስከር ነው። በትራጀዲ ፊት የተቀመጠ ተመልካችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ተመልካቹ ዳኛ ከመሆኑ በፊት ለቀስተኛ ነው።

አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል። በመድረክ ላይ የሚያዝን ሁሉ እኩል አያሳዝነንም፤ አንዳንዱ ያስለቅሰናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያሰለቸናል። ልዩነቱ ከምን ይመጣል? እኔ ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛው ሟቹን ማወቃችን ነው። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ከሁሉ በፊት የምታደርገው ሟቹን ማስነሣት ነው። አነጋገሩን፣ ደግነቱን፣ ለእንግዳ የዘረጋውን እጅ ታነሣለች። ያላወቀው ለቀስተኛ እንኳ ካወቀው በኋላ ያለቅሳል። ጎበዝ ጸሐፌ ተውኔትም እንዲሁ ያደርጋል። በ«ኪንግ ሊር» መጨረሻ ሽማግሌው ንጉሥ የልጁን የኮርዴሊያን ሬሳ ታቅፎ ሲገባ የምናለቅሰው፣ በመጀመሪያው ትዕይንት እውነትን ተናግራ ስትባረር ስላየናት ነው። ያባረራት ራሱ እንደ ሆነም አንረሳም።

ሁለተኛው ጀግናው ሐዘኑን ለማውጣት ቦታ ማጣቱ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ውስጥ ልጁ ለአባቱ ጥቁር ለብሶ ሲቆም፣ እናቱና አጎቱ «በቃህ» ይሉታል። ቤተ መንግሥቱ ከቀብር ወደ ሠርግ ቸኩሏል። በእኛ አገር ለሟች የሠልስትና የአርባ ቀን ሥርዓት ያለው፣ በሙስሊሙም ዘንድ ሰደቃ የሚደረገው፣ ሐዘን ጊዜና ሰው እንደሚያስፈልገው ስለሚታወቅ ነው። ሐምሌት ሁለቱም ተነፈጉት። በመድረኩ ላይ አብሮት የሚያለቅስ ስለ ጠፋ ተመልካቹ ቦታውን ይወስዳል። ጀግናው ራሱ አምርሮ፣ ጮኾ፣ ደረቱን ደቅቶ ከጨረሰው ግን ለእኛ የሚተርፍ ሥራ የለም፤ ያሰለቸናልም።

ሦስተኛው ጀግናው በሐዘኑ ውስጥ የእጁን ሥራ ማየቱ ነው። ክሬዎንም፣ ሊርም፣ ኦቴሎም መጨረሻ ላይ የሚያዝኑት ለሞተው ብቻ አይደለም፤ ሞቱ ከእነርሱ እጅ እንደ ወጣ ስለሚያውቁም ነው። ፍርዱን ራሱ ሲፈርድ ያየነውን ሰው እኛ ደግመን ልንፈርድበት እንቸገራለን።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ።

ቴዎድሮስ የኢትዮጵያን ደራስያን ያህል የሳበ ሌላ ንጉሥ አላውቅም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በተባለው ልብ ወለድ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በተባለው ልብ ወለድ ጽፈውበታል። የመጨረሻው ርእስ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከዘውዱም፣ ከመድፉም፣ ከመቅደላም በፊት እንባውን አስቀድሞልናል።

ሐዘኑ ደግሞ ልብ ወለድ አይደለም፤ ከዚህ ካለንበት አገር ጋርም ይገናኛል። የቴዎድሮስ የመጀመሪያ ባለቤት እቴጌ ተዋበች የራስ ዓሊ ልጅ ናት፤ ራስ ዓሊ ደግሞ ጎንደር ላይ ለሰባ ዓመታት ገደማ እንደራሴ ሆነው የገዙት የየጁ መሳፍንት የመጨረሻው ናቸው። ጋብቻው ሽፍታውን ካሣን ለማሰር የታሰበ የፖለቲካ ጋብቻ ነበር። እርሷ ግን ባሏንና አባቷን መካከል ስትቆም ለባሏ ታመነች። በ1845 ዓ.ም. ካሣ አይሻል ላይ አባቷን ድል አደረገ፤ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞተች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ወዳጁ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው ወዳጁ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ከጎኑ ሲዋጋ ወደቀ። ቴዎድሮስ ለእነርሱ ደም የወሰደው በቀል እጅግ የበዛ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስቱንም ነገሮች ታገኛላችሁ። ተወዳጅ ሟች አለች፤ ለንጉሥ እንደ ተራ ሰው ተቀምጦ ማልቀስ ያልተፈቀደበት ድንኳን አለ፤ መጨረሻ ላይም መቅደላ አፋፍ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው አለ። ለትራጀዲ ከዚህ የተመቸ ታሪክ ከየት ይገኛል?

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ልበል። «ደጉ ንጉሥ ተዋበች ስትሞት ተለወጠ፤ ጭካኔው የሐዘኑ ልጅ ነው» የሚለው ትረካ በሕዝባችን ዘንድ በሰፊው ይነገራል፤ በድርሰትም ያምራል። ወሎ ላይ ስናመጣው ግን ዘመኑ አይገጥምም። ቴዎድሮስ ወደ ወሎ የዘመተው ዘውድ በጫነ በወራት ውስጥ ነው፤ መቅደላንም የያዘው በዚያው ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ ተዋበች በሕይወት ነበረች፤ ቤልም ፕላውደንም ነበሩ። የወሎ ሰው የቴዎድሮስን ክንድ የቀመሰው ከሐዘኑ በፊት ነው። ሐዘን ብዙ ነገርን ያስረዳል፤ የሆነውን ሁሉ ግን አያስረዳም። ለጀግናው ያለን ሐዘኔታ የዘመን ቅደም ተከተሉን ሳናስተውል እንድንገለብጥ ያደርገናል። ይህ የሐዘኔታ የመጀመሪያው አደጋ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይከብዳል። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር ቤት አመለጠ፤ ያመለጠውም ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር ነው። የወርቂት ልጅ በዚያን ጊዜ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ንጉሡ በተቈጣ ጊዜ ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደለው። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። ልጇን ያጣች እናት፣ የሌላዋን እናት ልጅ ነጻ ለቀቀች።

ተማሪዎቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ስለ ወርቂት የተጻፈ ትራጀዲ ማን አንብቧል? እኔ አላነበብሁም። ቀደም ብዬ ሐዘኔታን ያስነሣሉ ያልኋቸው ሦስት ነገሮች እርሷ ዘንድም አሉ፤ ይልቁንም የእጅ ሥራ የሚለው ነገር በእርሷ ላይ ይጠብቃል፤ መያዣ ልጅ እያላት ያመለጠውን ሰው የተቀበለች እናት ናትና። ሆኖም መድረኩ ወደ እርሷ አልዞረም። ስለዚህ ለአንዱ የምናለቅሰው፣ ለሌላይቱም የማናለቅሰው፣ የአንዱ ሐዘን በልጦ የሌላይቱ አንሶ አይደለም። ወደ አንደኛው ድንኳን ተጋብዘን ገብተናል፤ በሌላኛው ደጃፍ ግን ሳናይ አልፈናል። ያልተረዳ ለቅሶ አይደረስም፤ መርዶ ነጋሪው ደግሞ ደራሲው ነው።

የአያታቸው እጅ የተቈረጠባቸው አዛውንት ያን ተማሪ የነገሩትም ከዚህ ሌላ አይደለም። ሰውየው ስለ ተውኔት አላወሩም። ያልተለቀሰለት ሟች መኖሩን ነው ያስታወቁት።

ታዲያ ለጀግናው አናልቅስ? አይደለም። ለአንዱ ማልቀስ ለሌላው ማልቀስን እንደማይከለክል የሚያሳይ እጅግ የቆየ ምሳሌ አለ። በሆሜር «ኢልያድ» የመጨረሻ ክፍል የትሮይ ንጉሥ ሽማግሌው ፕርያም በሌሊት ወደ ጠላቱ ወደ አኪሊስ ድንኳን ይገባል። የገባው የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ለመለመን ነው። ልጁን የገደለው አኪሊስ ነው፤ የገደለውም ለወዳጁ ለፓትሮክሎስ ሞት ሊበቀል ነው። ሬሳውን በሠረገላ ጎትቶ እንኳ ልቡ አልረካም። ሽማግሌው የልጁን ገዳይ እጅ ስሞ «አባትህን አስብ» ይለዋል። ያን ጊዜ ሁለቱ አብረው ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለአባቱና ለወዳጁ። አኪሊስ ሬሳውን ይሰጣል፤ ለቀብሩም የዐሥራ አንድ ቀን ዕረፍት ከጦርነቱ ይሰጣል። ጦርነቱ ግን አልቆመም፤ ማንም ለማንም ይቅር አላለም። የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የአንዱ ሐዘን ለሌላው ሐዘን በር ከፈተ።

እንግዲህ ሐዘን ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው መንገድ ያዘነ ሰው «የእኔን ያህል ያዘነ የለም» ብሎ ይዘጋል፤ ከዚያም በቀልን መብቱ ያደርጋል። ከፓትሮክሎስ ሞት እስከ ፕርያም መምጣት ድረስ ያለው አኪሊስ ይህ ነው፤ ከቤል ሞት በኋላ ያለው ቴዎድሮስም ይህ ነው። በሁለተኛው መንገድ ያዘነ ሰው ሌላውም እንደ እርሱ የሚያዝን መሆኑን በሐዘኑ ያውቃል። ታላቅ ትራጀዲ ሁለቱንም መንገዶች ያሳየናል። ደካማ ድርሰት ግን የመጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ፣ እንባችንን ተቀብሎ፣ ለበቀሉ ምስክር ያደርገናል።

ይህን የምናገረው በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ አውቃለሁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ መንደሮች ባለፈ ጊዜ ያላዘነ ቤት ጥቂት ነው። ከመካከላችሁ በዚያ ወቅት ሟቹን በሥርዓት ያልቀበረ፣ ሠልስት ያልተቀመጠ፣ ድንኳን ያልጣለ አለ። ቦታ ያጣ ሐዘን ምን እንደሚመስል ለእናንተ ከ«ሐምሌት» ማስተማር አያስፈልገኝም። ስለዚህ የሐዘኔታ ጥያቄ ለእኛ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነገ የዚህን ዘመን ታሪክ ተውኔት፣ ልብ ወለድና ፊልም የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። የሚያዝን ጀግና ታቆማላችሁ፤ ሕዝቡም ያለቅስለታል። ያ ለቅሶ ወዴት እንደሚወስደው ግን በእናንተ ብዕር ይወሰናል።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ያለ መምህር አልተወችንም። በወሎ አበጋር የሚባሉ የደም አስታራቂ አባቶች አሉ። ሰው ተገድሎ ደም በተፈላለገ ጊዜ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባሉ። የሟችን ቤተሰብ «ሐዘናችሁን ተዉት» አይሉም፤ የገዳይንም ወገን «ጥፋት የለባችሁም» አይሉም። ሐዘኑ በሙሉ ክብሩ ይነገራል፤ ጥፋቱም በስሙ ይጠራል፤ ካሣውም ይቈረጣል። የሚታገደው አንድ ነገር ነው፤ ከሐዘን ወደ ሁለተኛ ሬሳ የሚወስደው መንገድ። ትራጀዲን በሚገባ የሚመለከት ተመልካች ከአበጋሩ ይህን ይማራል። በሙሉ ልቡ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስም ሒሳቡን አይረሳም።

አሁን ለዚያ ተማሪ ያልሰጠሁትን መልስ ልስጥ። ምናልባት ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ይሆናል፤ ይህም ጽሑፍ ይደርሰው ይሆናል።

ልጄ፣ አያትህን አልከዳህም። ለቴዎድሮስ ያለቀስኸው ለቅሶ ደራሽ ስለ ሆንህ ነው፤ ይህንንም ያስተማሩህ ራሳቸው አያትህ ናቸው፤ ከተጣሉት ጎረቤት ደጃፍ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲቆሙ አይተህ አድገሃልና። እንባህ ንጉሡን ነጻ አላወጣውም፤ እንባ እንዲያ ያለ ሥልጣን የለውም። የአያትህ ቂምም የንጉሡን ሐዘን ሐሰት አላደረገውም። ሁለቱን ይዘህ መኖር ትችላለህ፤ ትራጀዲ የተፈጠረውም ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንድንለማመድ ነው። ነገር ግን አንድ ለቅሶ ይቀርሃል። ከንጉሡ ድንኳን ስትወጣ ወደ ወርቂት ቤት እለፍ። እስካሁን ማንም ስላልነገረን አልሄድንም። መርዶውን የምትጽፈው አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።